ሳራንጊና ማይክሮፎን፦ የኔፓልኛ ራፕ አነሳስ

ኔፓል ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ተራራው ነው። ዛሬ ግን ከኤቨረስት ወርደን ካትማንዱ ከተማ እንግባ፤ የምናወራው ስለ ራፕ ነውና። (ኔፓሎች እንደኛው የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። የነሱ ከፈረንጁ በ57 ዓመት ያህል ይቀድማል፣ የኛ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

በ1960 መጨረሻ ንጉሥ ማሄንድራ ፓርላማውን በተነ። ፓርቲዎች ታገዱ፣ «ፓንቻያት» የሚባለው ሥርዓት ተተከለ። መፈክሩ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ቋንቋ ነበር፤ ያውም ከ120 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር! ሬዲዮውም አንድ፣ እሱም የመንግሥት። በሬዲዮ የሚሰማው ኔፓልኛ ታጥቦ የተተኮሰ፣ ሳንስክሪት የተጫነው ኔፓልኛ ነው። በ1990 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሥርዓቱን ጣለ። ከዚያ ወዲያ የሳተላይት ቴሌቪዥን የውጭውን ሙዚቃ እቤት ድረስ አመጣው። በ1997 ደግሞ ሬዲዮ ሳጋርማታ የሚባለው፣ ከመንግሥት ነፃ የሆነ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

በዚህ መሀል፣ በ1994፣ ግሪሽ ካቲዋዳና ፕራኒል ቲማልሲና የሚባሉ ወጣቶች «ሚኒንግለስ ራፕ»ን አወጡ፤ ትርጉም የለሽ ራፕ ማለት ነው። ብዙዎች የኔፓልኛ ራፕ መጀመሪያ የሚሉት ይህንን ነው። አርእስቱ ቀልድ ይመስላል። ለሠላሳ ዓመት ትርጉም ያለው መፈክር ሲጋት ለኖረ ትውልድ ግን ትርጉም የለሽ መሆንም አንድ ነገር ነበር ብለን እናምናለን።

ታዲያ ይህ የአሜሪካ ኮፒ አይደለም ወይ? ነው። ራፕ ከብሮንክስ የጥቁሮች ሰፈር የተነሣ ነው፤ ከሳራንጊ ተወለደ የሚለን ካለ አንሰማውም። ነገር ግን ጆሮው ቀድሞ የተሰናዳ ነበር። ጋንዳርባ የሚባሉት ዘላን ዘፋኞች፣ ሳራንጊያቸውን እንደ መሰንቆ በደጋን እየገዘገዙ ከመንደር መንደር ወሬ ያደርሱ ነበር። ዘፈናቸው ይወደዳል፣ እነሱ ግን በዘር ሥርዓቱ ከታች ይመደባሉ። (ይህ ለአዝማሪ አገር ልጅ ማብራሪያ አያሻውም።) ዶሆሪም አለ፦ ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ግጥም እዚያው እየፈጠሩ፣ እየተነካኩ ሌሊቱን የሚያነጉበት ዘፈን ነው። መልስ ያጣ ተሸነፈ!

የቋንቋው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ኔፓልኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ቤት መምታት ቀላል ነው እንግዲህ፤ ግሱን ጣል ማድረግ ብቻ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ሁሉም ስንኝ በአንድ ዓይነት ጭራ ካለቀ ጆሮ ይሰለቻል። ስለዚህ ጎበዙ ራፐር የቃል ቅደም ተከተሉን ይሰብራል፣ እንግሊዝኛ ይቀላቅላል፣ ስሙን ወደ ስንኙ መጨረሻ ይወረውራል። ሌላም አለ። ኔፓልኛ የአክብሮት ደረጃ ያለው ቋንቋ ነው፤ «ታ» ከታች፣ «ቲሚ» መሀል፣ «ታፓይ» ከላይ። «ታ» ለቅርብ ወዳጅ ወይም ለናቁት ሰው የሚባል «አንተ» ነው። በግጥሚያ መድረክ ላይ ሁለት ወጣት ተፋጦ «ታ» ሲባባል፣ የታላቅና የታናሽ፣ የጌታና የሎሌ ወጉ ሁሉ ለጊዜው ውጭ ይቀራል።

ይህን የግጥሚያ መድረክ፣ «ሮው ባርዝ»ን፣ ያቋቋመው ያማ ቡዳ ነው፤ የእናት አባት ስሙ አኒል አዲካሪ። «ሳቲ» የሚለው ሥራው ሱስ የነጠቀውን ጓደኛ ታሪክ ይተርካል። «ፉትፓት ሜሮ ጋር» ደግሞ «የእግረኛ መንገድ ቤቴ» ማለት ነው፤ አርእስቱ ራሱ ይናገራል። በጥር 2017 ለንደን ውስጥ በ29 ዓመቱ ሞተ።

ሪፐብሊክ ከመጣ በኋላም (ዘውዱ የተሻረው በ2008 ነው) ቃል ያሳስር ነበር። በ2019 ቪቴን በሚል ስም የሚታወቀውን ራፐር ፖሊስ በግጥሞቹ ሰበብ ያዘው፤ ከቀናት በኋላ ተለቀቀ። ስድ ቃል አለበት ተባለ። ስድ ቃሉ እንዳለ አንክድም፤ ለስድ ቃል እስር ቤት ምን ያደርጋል ነው ጥያቄያችን።

ከሮው ባርዝ ተጋጣሚዎች አንዱ ባሌን ሻህ ነበር፤ በሙያው መሐንዲስ ነው። በግንቦት 2022 ያለ ፓርቲ ተወዳድሮ፣ ነባሮቹን ፓርቲዎች በ61,767 ድምፅ አሸንፎ የካትማንዱ ከንቲባ ሆነ። በሴፕቴምበር 2025 ወጣቱ ተነሥቶ መንግሥቱን ሲጥል ብዙዎች የሱን ስም ጠሩ። እሱ ግን ሱሺላ ካርኪን ደገፈ፤ እሳቸውም ጊዜያዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እኛን የያዘን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በከንቲባነቱ ዘመን የከተማው ፖሊስ ጉልት ቸርቻሪውን ከእግረኛ መንገድ እያባረረ ጋሪውንና ዕቃውን ይወስድ ነበር። ደጋፊዎቹ ከተማ ሥርዓት ያስፈልገዋል አሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የድሃ ጉሮሮ ተዘጋ አሉ። የያማ ቡዳ ዘፈን የሚናገርለት ሰውና የሻህ ፖሊስ የሚያባርረው ሰው በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ሻህ የተጋጠመበትን መድረክ ያቋቋመውም ያማ ቡዳ ነው።