አንኮበር ከየት ተነስቶ ነው የሚለካው?



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደብረ ብርሃን መጥቶ ላፕቶፑን ከፈተልኝ። ስለ አንኮበር ጌም እየሠራ ነው፤ ኮረብታው አለ፣ ግቢው አለ፣ ከበሩ አጠገብ ነጋሪት አለ። «ቲቸር፣ ግቢውን ሳዞረው ነጋሪቱ ገደል ይገባብኛል» አለኝ።

ስክሪፕቱን አየነው። የነጋሪቱ ቦታ የተጻፈው በግቢው ልክ ነው፤ «ከበሩ ሁለት ሜትር በስተቀኝ» እንደማለት። ልጁ ይህን ቁጥር በግቢው የዓለም ኮኦርዲኔት ላይ ዝም ብሎ ደምሮታል። ግቢው ሲዞር ግን «ቀኝ» ራሱ አብሮ ይዞራል። መጀመሪያ በግቢው መጠን ማባዛት፣ ቀጥሎ ግቢው የዞረውን ያህል ማዞር፣ መደመር በመጨረሻ ነው። ከዓለም ወደ ግቢው ሲመለሱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መቀነስ፣ መልሶ ማዞር፣ ማካፈል።

አስተካክለን ስንጨርስ ሳቄ መጣ። እኔም በዚሁ ስህተት እዚያው አንኮበር ገደል አፋፍ ቆሜያለሁና።

ነገሩ የቆየ ነው። የአገራችን የቦታ ስሞች መነሻቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። አንኮበር «በር» የሚለው ከቆላው ሽቅብ ወደ ደጋው ለሚገባ ሰው ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ነጋዴ ዓልዩ አምባ ገበያ ደርሶ ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው። ርቀትም የሚቆጠረው በቀን መንገድ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በዚሁ መንገድ ወጣ። በ1870ዎቹ ደግሞ ምኒልክ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያን ሰጧቸው፤ መሪያቸው አንቲኖሪም በ1882 እዚያው አረፈ። እነዚህ እንግዶች የእኛን «በር» ወደ ኬንትሮስና ኬክሮስ መመለስ ጀመሩ።

የዘመናዊው ካርታችን መነሻ ግን ሮምም ለንደንም አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የተዘረጋው የልኬት መረብ የተቆጠረው አዲንዳን ከሚባል፣ በግብፅና ሱዳን ድንበር ካለ የኑቢያ ቦታ ነው። ለረጅም ጊዜ የተጠቀምንባቸው 1፡50,000 ካርታዎች በዚያ የተመሠረቱ ናቸው። አዲንዳን መንደሩ በአስዋን ግድብ ምክንያት ሕዝቡ ተነስቶ ውኃ ዋጠው። መነሻችን ሐይቅ ሥር ቀርቶ እኛ በእሱ መለካታችንን ቀጠልን!

ጂፒኤስ ደግሞ የሚቆጥረው ከምድር እምብርት ነው። ሁለቱ መነሻቸው ብቻ ሳይሆን ለምድር የሰጧት ቅርፅም ይለያያል። በእኛ አካባቢ ያንኑ የካርታ ቁጥር ሳይቀይሩ ጂፒኤስ ውስጥ ቢያስገቡት ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ያስታል።

እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የአንድ ፍርስራሽ ቁጥር ከድሮ ካርታ አንብቤ ተማሪዎቼን አስከትዬ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። ጂፒኤሱ «ደርሳችኋል» ሲለኝ ከፊቴ ያለው ገደል ነው። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት አዩንና «ምን ጠፋችሁ ልጆቼ? ከጽዱ በላይ፣ ከምንጩ ወዲያ ነው እንጂ!» አሉን። ሄድን፤ አገኘነው።

ያን ቀን ልጆቹን ገደል አፋፍ ያደረሳቸው ካርታው አይደለም፤ ጂፒኤሱም አይደለም። ሁለቱም በየመነሻቸው ልክ ነበሩ። ጥፋቱ «ይህ ቁጥር ከየት ተነስቶ ነው?» ብዬ ያልጠየቅሁት የእኔ ነው። እናቲቱ ከጽዱ ነው የቆጠሩት፤ መነሻቸውን ግን ነገሩን።

የታሪክ ተማሪዎቼ፣ የድሮ ሰነድ ላይ «የአንድ ቀን መንገድ» ሲል ስታገኙ አትሳቁበት፤ ከማን ደጅ ተነስቶ እንደሆነ ፈልጉ። ጌም የምትሠሩትም እንዲሁ። ዝም ብሎ መደመር ገደል ይከታል።

እስቲ በእናንተ ሰፈር መንገድ የሚነገረው ከምን ተነስቶ ነው? ጻፉልኝ።