ተመላሹ ነርቭ፦ እንቅርት፣ ቀዶ ሕክምናና ድምፅ

 

 በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ ቀጭን ነርቭ ታሪክ ነው። ርዕሱ ለሬዲዮ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ይህ ነርቭ ሥራውን ባይሠራ ሙአዚኑ አዛን ባላሰማ፣ እናት ልጇን በስም ባልጠራች፣ እኛም ከዚህ ማይክሮፎን ፊት ባልተቀመጥን ነበር። በወጋችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ለዝግጅታችን ምክንያት የሆነን ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኚህ እናት በሰፈራቸው ሕፃናትን ቁርኣን ያስቀራሉ። ለዓመታት አንገታቸው ላይ የቆየውን እንቅርት በኦፕራሲዮን አስወጡ። ቁስሉ በደኅና ሻረ፤ ድምፃቸው ግን ሰለለ። ጥቂት አንቀጽ አስቀርተው ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ልጆቹን ከደጅ ቢጠሩ የሚሰማቸው የለም። አንዱ ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላቸዋል፤ ሌላው «ጂን ነው» ይላቸዋል። እርሳቸውም «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ» ብለው ጽፈውልናል። ወራት ቢያልፉም ወደ ሐኪም አልተመለሱም።

ዓይን እውነት መሆኑን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ ሩቅያም ሱንና ነው። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒት እንድንፈልግም አዘውናል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እኚህ እናት የገለጹት ችግር ደግሞ ምሥጢር አይደለም። ሐኪሞች ካወቁት ወደ 1,850 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ለዘመናት ጠብቀው ካቆዩትም ውስጥ የራሳችን ሊቃውንት ይገኙበታል።

አስቀድመን ነገሩን እንየው። በማንቁርታችን ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፤ ስንናገር ተገናኝተው ይርገበገባሉ፤ ስንውጥ ደግሞ ገጥመው ምግቡና ውሃው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላሉ። እንዲንቀሳቀሱ የሚያዝዛቸው ነርቭ ከአንጎል ሲነሣ በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይሄድም። አልፎት ወደ ደረት ይወርዳል፤ በግራ በኩል ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ በቀኝ በኩል ወደ ክንድ በሚሄደው የደም ሥር ሥር ተጠምዝዞ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። ሲመለስ የሚያልፈው ልክ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ በአየር ቧንቧውና በምግብ ቧንቧው መካከል ባለው ስርጥ ነው። እንቅርት ማለት የዚሁ ዕጢ ማበጥ ነውና እንቅርትን የሚቆርጥ ቢላዋ ከዚህ ነርቭ ጋር መጎራበቱ የግድ ነው። ነርቩ ከተቆረጠ፣ ከተሳበ ወይም ከተጨፈለቀ በዚያ በኩል ያለው አውታር ሽባ ይሆናል።

ይህን በመጀመሪያ አብራርቶ የጻፈው በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ነው፤ የዐረብ ሊቃውንት ጃሊኑስ ይሉታል። በሮም ከተማ በምሁራንና በሹማምንት ፊት ባሳየው ሙከራ የሚጮኽ አሳማ አስሮ እነዚህን ነርቮች በክር ሲቋጥራቸው ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ። (አሳማን የመረጠው ከሁሉ አብልጦ ስለሚጮኽ ነበር።) በዚያ ዘመን ንግግር የሚመነጨው ከልብ ነው የሚሉ ፈላስፎች ነበሩና ሙከራው ትልቅ ክርክር አስነሣ። ለእኛ ወግ የሚበልጠው ግን ጋሌን የመዘገበው የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። የልጁን የአንገት እብጠት ሊያወጣ የተነሣ አንድ ሐኪም ሥጋውን በጥፍሩ እየቦጨቀ ሲያወጣ ነርቮቹን አብሮ በጠሳቸው። ልጁ ከእብጠቱ ዳነ፤ ድምፁን ግን አጣ። በአንድ በኩል ብቻ የተጎዳ ሌላ ልጅ ደግሞ ግማሽ ድምፅ ቀረለት። የእናታችን ደብዳቤ በዚያ ዘመን ቢጻፍ ኖሮ ጋሌን ምን እንደሆኑ ወዲያው ያውቅ ነበር።

ይህ እውቀት እንዴት ወደ እኛ መጣ? በዐባሳውያን ዘመን በባግዳድ ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ የተባለ ሐኪም ነበር፤ በ873 ያረፈ። ሑነይን ክርስቲያን ነበር። ኸሊፋዎቹ ግን እውቀቱን እንጂ ሃይማኖቱን አልጠየቁም፤ የጋሌንን መጻሕፍት ወደ ሱርያኒና ወደ ዐረብኛ እንዲመልስ ደገፉት። ከተረጎማቸው ውስጥ ስለታመሙ የሰውነት ክፍሎች የሚናገረው፣ የልጁ ታሪክ የሚገኝበት መጽሐፍ አንዱ ነው። በ925 ያረፉት አቡ በክር አር-ራዚ በትልቁ «አል-ሓዊ» ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙ ጠቅሰዋል።

ከ980 እስከ 1037 የኖሩት ኢብኑ ሲና ደግሞ «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው የሰውነትን ሥራ ሲያብራሩ ለዚህ ነርቭ ቦታ ሰጥተውታል። ስሙ በዐረብኛ «አር-ራጂዕ» ነው፤ ተመላሹ ማለት ነው። ለምን ወርዶ ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ ጋሌንን የተከተለ ነው፤ የማንቁርቱ ጡንቻዎች ከታች መሳብ ስላለባቸው ነርቩ የሚዞርበት ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል፤ ትልቁ የደም ሥርም የውሃ መቅጃ ገመድ እንደሚዞርበት መዘውር ያገለግለዋል። የዛሬ ሳይንስ ሌላ ምክንያት ይሰጣል። ፅንስ በማኅፀን ሲያድግ ልብ ከአንገት አካባቢ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ሲወርድም ነርቩን አብሮ ይስበዋል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የነርቩ መንገድ ኢብኑ ሲና እንደጻፉት ነው።

አሁን ወደ አንደሉስ እንሻገር። ከቁርጡባ አጠገብ በምትገኘው በመዲነቱ አዝ-ዘህራእ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ የሚባሉ ታላቅ ሐኪም ነበሩ። በ1000 አካባቢ ያጠናቀቁት «አት-ተስሪፍ» 30 ክፍሎች ያሉት ሲሆን የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የመሣሪያዎቹንም ሥዕል ይዟል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም እንፈልጋለን። በአንዳንድ ጽሑፎች አዝ-ዘህራዊ በ952 በባግዳድ ትልቅ እንቅርት ቆርጠው በማውጣት የመጀመሪያው ናቸው ሲባል እናነባለን። አዝ-ዘህራዊ የአንደሉስ ሰው ናቸው፤ የተወለዱትም በ936 አካባቢ ነውና በተባለው ዓመት ገና 16 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ሊቃውንቶቻችንን ለማክበር ያልሠሩትን መጨመር አያስፈልገንም፤ የሠሩት ይበቃል።

የሠሩትስ ምንድን ነው? እንቅርትን «የጉሮሮ ዝሆን» ብለው ይጠሩታል፤ በሴቶች ላይ እንደሚበዛም ጽፈዋል። ከዚያ ለይተው ያስተምራሉ። በተፈጥሮ የመጣው አይነካም። በኋላ ከመጣው ውስጥ እንደ ስብ ያለ እብጠት አለ፤ ከደም ሥር መስፋት የሚመጣም አለ፤ ይህ ሁለተኛው አደገኛ ስለሆነ ትንሽ ካልሆነ በቀር ብረት አይቅረበው ይላሉ። ስለ አንገት እብጠቶች ሲያስተምሩም ሐኪሙ ቀስ እያለ እንዲቆርጥ፣ የደም ሥርና ነርቭ እንዳይነካ ያስጠነቅቃሉ። በእኛ ግምት የአዝ-ዘህራዊ ትልቅነት ያለው ቢላዋ በማንሣታቸው ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይነሣ በመጻፋቸውም ነው።

ስለ ድምፅም የግል ገጠመኛቸውን ትተውልናል። አንዲት ልጅ ጉሮሮዋ በቢላዋ ተቆርጦ ተጠርተው ሄዱ። ትልቅ የደም ሥር አልተቆረጠም፤ ከቁስሉ ግን አየር ይወጣ ነበር። ፈጥነው ሰፉት፤ ልጅቷም ዳነች። ከሁሉ የቀረባት ትንሽ የድምፅ መሻከር ብቻ እንደነበር፣ እርሱም እንደተሻላት ጽፈዋል። ሺህ ዓመት ያለፈው ሐኪም በሽተኛው በሕይወት መትረፉን ብቻ ሳይሆን ድምፁ እንዴት እንደሆነም ይጠይቅ ነበር ማለት ነው።

መጽሐፋቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ከተማ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ሆኖም የእንቅርት ቀዶ ሕክምና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አስፈሪ ሆኖ ቆየ። በ1860ዎቹ በዙሪክ ይሠራ የነበረው ዝነኛው ቢልሮት ካከማቸው ከመቶ 40 ያህሉ ሞቱበት፤ ለዓመታትም ሥራውን አቆመ። በሽተኛው በደም መፍሰስና በቁስል መመርቀዝ በሚሞትበት ዘመን ስለ ድምፅ የሚያስብ ብዙ አልነበረም። ነገሩን የለወጠው የስዊዘርላንዱ ቴዎዶር ኮኸር ነው፤ በንጽሕናና በጥንቃቄ የሞቱን ቁጥር ከመቶ አንድ በታች አወረደው፤ በ1909ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

ሕያው ሰው ሲናገር አውታሮቹን ለማየት የተቻለው ደግሞ በአንድ የድምፅ አስተማሪ ጥረት ነው። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያበራ የራሱን የድምፅ አውታሮች አየ። ሐኪም አልነበረም። ዛሬ የአንገት በላይ ሐኪም በቀጭን ካሜራ የሚያደርገው ምርመራ የዚያ መስታወት ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ በሐኪሞች መካከል ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ነርቩን መፈለግ ራሱ ይጎዳዋል፣ ባይነካ ይሻላል ይሉ ነበር። የቦስተኑ ፍራንክ ላሂ በ1938 ተቃራኒውን አስረዳ፤ ነርቩን ፈልጎ በዓይን ማየት ጉዳቱን ይቀንሰዋል አለ። የዛሬ ሐኪሞች የሚከተሉት ይህን ነው። ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚከታተል መሣሪያም አንዳንድ ቦታ ይጠቀማሉ። ያም ሆኖ ጉዳቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በሠለጠኑ እጆች እንኳ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ በቋሚነት ሊቀር ይችላል፤ ለጊዜው የሚሰልለው ደግሞ ከዚያ ይበዛል።

ጉዳዩ የአገራችን ጉዳይም ነው። በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው፤ በ2011 የወጣው ደንብም የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። አዮዲን ያለው ጨው ወጥ ሲበስል መጨረሻ ላይ ቢጨመር፣ ዕቃውም ተከድኖ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በብዙ ሰዎች ላይ ነርቩ ተጨፍልቆ ወይም ተስቦ ነው እንጂ ተቆርጦ አይደለም፤ በሳምንታት ወይም በወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት በአላህ ፈቃድ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሄደው አውታሮቻቸውን ይታዩ። አንዱ ብቻ ከሆነ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጤነኛው አውታር ድካሙን እንዲሸፍን ያሠለጥናቸዋል። ሲጠጡ በትንሽ በትንሹ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ትንታን ይቀንሳል፤ ይህን ግን ባለሙያው አይቶ ቢያረጋግጥላቸው ይሻላል። ድምፅን አስገድዶ መጮኽም ሆነ ጉሮሮን አስጨንቆ ማንሾካሾክ አያሳርፍም። ለማስቀሪያቸው ትንሽ የእጅ ማጉያ ቢገዙ አያሳፍርም። አውታሩ ሳይመለስ ከቀረ በመርፌ አውታሩን ማወፈር ይቻላል፤ ይህ ሙከራ በ1911 በጀርመን ተጀምሮ እየተሻሻለ መጥቷል። ጃፓናዊው ኢሺኪ በ1974 ያሳወቀው ቀዶ ሕክምናም አለ፤ በማንቁርቱ ልምጭ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ሽባውን አውታር ወደ ጓደኛው ያስጠጋል። ሁለቱም አውታሮች ከተጎዱ ግን ነገሩ የድምፅ ሳይሆን የትንፋሽ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንገቱ በድንገት ያበጠ ወይም ትንፋሹ እየጮኸ የሚወጣ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይድረስ።

ስለ ሰላታቸውም ጠይቀውናል። ድምፅ የከዳው ሰው በሚችለው ልክ ያነባል፤ ከአቅም በላይ የታዘዘ የለም። ዝርዝሩን በአቅራቢያቸው ያሉ ዑለማዎች ያስረዷቸዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) በንግግር ከእርሳቸው ይልቅ የሚቀናው ወንድማቸው ሃሩን እንዲያግዛቸው አላህን ለምነው እንደተሰጣቸው እናውቃለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በታመሙ ጊዜ ተቀምጠው ሲያሰግዱ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ተክቢራቸውን ለሰዎች ያሰሙ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። የድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት በትላልቅ መስጂዶች የኢማሙን ተክቢራ ተቀብለው ለኋለኞቹ ሰፎች የሚያደርሱ ሰዎች የነበሩት በዚሁ መሠረት ነው፤ በዑስማኒያ መስጂዶች ውስጥ ለእነርሱ ተብሎ የተሠራው ከፍ ያለ መቆሚያ ዛሬም ይታያል፤ በመካው ሐረምም ሙአዚኑ ከኢማሙ ኋላ ተክቢራውን ዛሬም ያስተጋባል። ኢማሙ ድምፁ የሰለለበት መስጂድ ካለ ከኋላው አንድ ድምፀ ጎላ ያለ ሰው ይቁምለት።