የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ሙያ ትምህርት በኢትዮጵያ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ አገራችን ትምህርት ታሪክ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ፊደል፥ ስለ ቋንቋና ስለ ቢሮ ሥራ ትምህርት ነው። በየቤታችን የተበላሸውን ካውያ፥ ምጣድ፥ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ የሚጠግነው ባለሙያ ሙያውን ከማን ተማረ? እንዴትስ ተማረ? የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ አልተነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን አንሥተን በታሪክ መንገድ ልንመረምረው እንወዳለን።

ሐሳባችን ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ይህ ሙያ ባገራችን ሁለት አስተማሪዎች ነበሩት፤ አንደኛው የሥራ ቤት ሲሆን ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱ ተለያይተው ስለ ኖሩ እያንዳንዳቸው የሙያውን ግማሽ ብቻ ያዙ። ግማሽ ሙያ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ሲሆን ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

፩. የተናቀ እጅ

የእጅ ሥራ ትምህርትን ታሪክ ስንመረምር መጀመሪያ የሚያጋጥመን ስድብ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው እየተባሉ ይፈሩ፥ ከሌላውም ሰው ጋራ በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ ይከለከሉ ነበር። ይህ ንቀት በትምህርቱ ላይ ያስከተለው ጉዳት ግልጽ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፥ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ብቻ ተላለፈ። የሌላ ቤተ ሰብ ልጅ ሊማረው አልፈለገም፤ ባለሙያውም ለሚንቀው ሰው ምስጢሩን የሚገልጽበት ምክንያት አልነበረውም።

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ሠራተኞችን አሰባስበው፥ ያገር ሰዎችም እንዲያግዟቸው አድርገው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ግን አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ አገሩን ለቀው ሄዱ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቆመ። አሠሪም ሠራተኛም እያለ የሚቀጥለውን ትውልድ የሚያስተምር ሥርዓት ካልተተከለ፥ ሙያው ከባለሙያው ጋራ አብሮ እንደሚሄድ ይህ ታሪክ ያስረዳናል።

አፄ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ከለከሉ፤ የሚሳደበውም ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ። ንጉሡ የአገሪቱ ድህነት ከዚህ ንቀት ጋራ የተያያዘ መሆኑን መረዳታቸው ሊደነቅ ይገባል። ሆኖም በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት በተለይ የሚያስተምረው ቋንቋ ነበር፤ መንግሥት በዚያን ጊዜ ይልቁን የፈለገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና። ስለዚህ አዋጁ ሠራተኛውን ከስድብ ለማዳን ሞከረ እንጂ፥ ልጁ ሙያውን አስፍቶ የሚማርበትን ቤት ገና አልሰጠውም።

፪. የመሣሪያ ስሞች ምስክርነት

የጽሑፍ ማስረጃ በማይበዛበት ቦታ ቋንቋ ምስክር ሊሆን ይችላል። የአንድ ጠጋኝን የመሣሪያ ሣጥን ከፍተን ስሞቹን በተራ ብንጠይቅ ሦስት ዓይነት ቃላት እናገኛለን። መዶሻ፥ ጉጠትና ሞረድ አንጥረኛውና ቀጥቃጩ ከጥንት ጀምረው የሚያውቋቸው ናቸው። ካቻቢቴ፥ ፒንሳና ላሜራ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጎማ የሚጠግነውም ሰው ጎሚስታ መባሉ ከዚያው ነው። ፊውዝ፥ ሶኬትና ኮምፕረሰር ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው።

ጣልያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ብዙ መካኒኮችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጡ። ከነፃነት በኋላም ጥቂት የማይባሉት ቀርተው ጋራዥና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከፍተው ኖሩ። መሣሪያ የሚያቀብላቸው ያገር ልጅ ስሙን በጆሮው እንደ ሰማው ያዘው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፥ ካቻቢቴ የሚለው ቃል ከትምህርት ቤት የተገኘ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ በአንዱ ሣጥን ውስጥ የቀጥቃጩ ቤት፥ የጣልያኑ ጋራዥና የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ።

በሥራ ቤቱ ያለው የትምህርት አሰጣጥ የታወቀ ነው። ተለማማጁ መጀመሪያ ቤቱን ይጠርጋል፥ መሣሪያ ያቀብላል፤ ቀጥሎ ብሎን እንዲፈታና ዕቃውን እንዲያጸዳ ይፈቀድለታል፤ ብልሽቱን ራሱ እንዲፈልግ የሚፈቀድለት ብዙ ቆይቶ ነው። ይህ ትምህርት የማይናቅ ብርታት አለው። ሞተር ሲያንጎራጉርና ሳይነሣ ሲቀር በድምፁ፥ የተጠመጠመው ሽቦ ልባሱ ሲቃጠል በሽታው መለየትን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ ይህ የሚገኘው ብዙ ዕቃ በመክፈት ብቻ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ምክንያት አለመነገሩ ነው። ተለማማጁ «እንዲህ አድርግ» ይባላል፤ «ስለ ምን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ጌታው ራሱ ሳይነገረው የተማረ ነውና መልስ ላያገኝ ይችላል።

፫. ተግባረ ዕድ

አገሪቱ ነፃ በወጣች ማግስት፥ በ1934 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የእጅ ሥራ በመንግሥት ትምህርት ቤት፥ በሰዓትና በክፍል ተወስኖ፥ ከሥዕልና ከሒሳብ ጋራ መሰጠቱ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀጥሎ በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፍቶ ከሌሎች ሙያዎች ጋራ ኤሌክትሪክን ያስተምር ጀመር።

ከነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጣው ወጣት የኤሌክትሪክን ሕግ፥ የመለኪያን አጠቃቀምና የሥዕልን አነባበብ ያውቅ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ወጣት ጥቂት ስለ ነበረ ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ይጠብቁት ነበር። መብራት ወደ ቤት እየገባ ሲሄድ የቤት ዕቃውን የሚጠግነው በአብዛኛው በሥራ ቤት የተማረው ሰው ሆኖ ቀረ። የሁለቱ አስተማሪዎች መለያየት ይልቁንም የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

፬. የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ መፈተኛ

ይህን መለያየት አንድ ዕቃ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ያስረዳል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የአጠቃቀም ጽሑፍና የሽቦ ሥዕል ይዞ ይመጣል። የእንጀራ ምጣድ ግን ያገር ልጅ ስለ ሆነ ሥዕሉን የሚልክለት ፋብሪካ ባሕር ማዶ አልነበረውም። አሠራሩ ሸክላ ሠሪዋና ኤሌክትሪክ ሠሪው የተገናኙበት ነው። ሸክላው በጀርባው በኩል ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠመጠመ የማሞቂያ ሽቦ ይዘረጋል፤ ላዩ በጂብስ ወይም በጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያም በላሜራ አቃፊ ላይ ይቀመጣል።

ይህን ዕቃ የሚጠግን ሰው ሁለት ዓይነት ዕውቀት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው የሸክላ ሠሪዋ ነው። ጭቃው ከተፈጨ ገል ጋራ ካልተደባለቀ ሙቀት ሲያገኘው በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ፥ ምጣዱም በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው እንደሚይዝ የምታውቀው እርስዋ ናት። ቡዳ ስትባል የኖረችው ሴት ዕውቀት ዛሬ በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ግማሹን ሥራ ይዞ ይገኛል።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ ዕውቀት ነው። ለምሳሌ በ220 ቮልት የሚሠራ የ3500 ዋት ምጣድ እንውሰድ። የሽቦው ተቃውሞ 13.8 ኦም ያህል፥ የሚስበውም ኤሌክትሪክ 16 አምፔር ያህል ነው። ሽቦው በአንድ በኩል ተቃጥሎ ተበጠሰ እንበል። ጠጋኙ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ስቦ በመጠምዘዝ ቢያያይዘው ምጣዱ ይሠራል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ፈጥኖ ይሞቃልና ባለቤቲቱ ትደሰታለች። የተቆረጠው የሽቦው አንድ አሥረኛ ቢሆን ግን ተቃውሞው ወደ 12.4 ኦም ይወርዳል፤ ምጣዱ የሚስበው ወደ 17.7 አምፔር፥ ኃይሉም ወደ 3900 ዋት ይወጣል። ያጠረው ሽቦ ከዐቅሙ በላይ ይግላል፤ የተጠመዘዘው መጋጠሚያ ከሁሉ በፊት ይቃጠላል፤ የቤቱም ሽቦ ቀጭን ከሆነ ግድግዳው ውስጥ ይሞቃል። ሁለተኛ ሲበጠስ እንደ ገና ሲያሳጥሩት ነገሩ ይብሳል። በሥራ ቤቱ ሚዛን «ሠራ» የተባለው ዕቃ በትምህርት ቤቱ ሚዛን ሲለካ እየተበላሸ ነው።

ከዚህ የሚከፋው መንዘሩ ነው። አዲስ የተደፈነ ጭቃ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ላሜራው በመሬት ሽቦ ካልተያዘ፥ ሊጥ የነካ እርጥብ እጅ ይዛ የምትጋግረው ሴት ትነዘራለች። ጠጋኙ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ የጎደለው ትምህርቱ ዕዳ የሚከፈለው በእርስዋ ነው። ስለዚህ የጠጋኙ ትምህርት የጠጋኙ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

የማቀዝቀዣ ነገርም ይህንኑ ያጠናክራል። በመስከረም 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት፥ የዓለምን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳው አር 12 የተባለው ጋዝ ቀስ በቀስ እንዲቀር ተደረገ። ከተተኩት ጋዞች አንዱ አር 600ኤ በእሳት የሚቀጣጠል ነው። በአሮጌው ጋዝ ዘመን ቱቦውን በእሳት መበየድ የለመደ ጌታ፥ አዲሱን ጋዝ አስቀድሞ ሳያወጣና ቤቱን ሳያናፍስ ቢበይድ ራሱንም ተለማማጁንም ያቃጥላል። ልምድ ብቻውን ካለፈው አደጋ ይጠብቃል እንጂ ገና ካልታየው አይጠብቅም።

፭. ደረጃና ምዘና

በኋለኛው ዘመን መንግሥት ሁለቱን መንገዶች ለማገናኘት ሞክሯል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391/1996 ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. አገራዊ ስትራቴጂ ተዘጋጀ፤ አዋጁም በቁጥር 954/2008 ተተካ። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ፤ የሥልጠናው ጊዜ በተቋምና በሥራ ቦታ መካከል እንዲከፋፈል ተወሰነ። ከታሪክ አንጻር ከሁሉ የሚበልጠው ግን በስትራቴጂው የተገለጸው አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ሙያውን የትም ቢማር፥ በሥራ ቤትም ቢሆን በራሱ ጥረት፥ ሰው ሁሉ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊያገኝ የሚችል መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ በአዋጅ የጀመሩትን የእጅ ሠራተኛ ክብር ይህ ሐሳብ በወረቀት ማስረጃ ያጸናዋል።

ነገር ግን ምዘና ብቻውን ማስተማር አይደለም። ተመዛኙ የጎደለውን ካላወቀና ጎዶሎውን የሚሞላበት አጭር ሥልጠና በማታም ሆነ በዕረፍት ቀን ካላገኘ፥ ወድቆ ወደ ሥራ ቤቱ ይመለሳል፤ ሽቦውንም እንደ ቀድሞው እያሳጠረ ይቀጥላል። በአንጻሩ የተቋሙ ተማሪ የኦምን ሕግ በቃሉ እያነበነበ ምጣድ ፈትቶ ሳያውቅ ቢመረቅ ትምህርቱ ለማንም አይጠቅምም።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ጋፋት እንዳስተማረን፥ በባለሙያው እጅ ብቻ ያለ ዕውቀት ባለሙያው ሲሄድ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ ምጣዱ እንዳስተማረን፥ ከሸክላ ሠሪዋና ከሥራ ቤቱ የተገኘው ልምድ ከትምህርት ቤቱ ስሌት ጋራ ካልተጋባ ሙያው ሙሉ አይሆንም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ልንሠራው የምንችለው አንድ ሥራ አለ። ቀደምት ጠጋኞችና ሸክላ ሠሪዎች በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን እየጠየቅን፥ በራሳቸው ቃላት፥ ካቻቢቴውን ካቻቢቴ፥ ማሟሸቱን ማሟሸት እያልን ብንጽፈው፥ አስተማሪውም ተለማማጁም የሚጠቀምበት መጽሐፍ ይሆናል። የምሕንድስና ተማሪ ስሌቱን፥ የታሪክ ተማሪ ምስክርነቱን፥ የቋንቋ ተማሪ ቃላቱን ይዞ ቢመጣ ሥራው ለአንድ ክፍል ብቻ የሚከብድ አይሆንም።