«የሚያዳክም» እና «የሚገታ»፦ የአንድ የሕክምና ሐረግ ታሪክ

ከቦሌ እስከ ገርጂ በሚዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የግል ሆስፒታሎችና የኤም.አር.አይ ምርመራ ክፍሎች በርክተዋል። በእነዚህ ተቋማት ለሕመምተኛ የሚሰጠው የአማርኛ ማብራሪያ የእኛን ሥራ በቀጥታ ይመለከታል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ሕመም በአገራችን እምብዛም አይታወቅም፤ ሆኖም ምስሉ ሲነሣ ጠባሳው ይታያል፤ ስሙም ይነገራል። ሐኪሙ መድኃኒቱን «በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ነው» ብሎ ቢገልጸው ግን ሕመምተኛው ኤድስ የተነገረው ሊመስለው ይችላል። ይህ የመደናገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱን እስከመተው ያደርሳል።

ሐረጉ እዚህ የደረሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። «መከላከል» «ከለከለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በር ላይ ቆሞ ጠላትን መመለስን ያሳስባል። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት የላቲን ቃል ግን መነሻው ከግብርና ከግዴታ ነጻ መሆን ነበር። የእነርሱ ቃል የባለ መብት፣ የእኛ ደግሞ የወታደር ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞችም በ1986 ከታወቁ በኋላ፣ የጤና ትምህርት ይህንኑ ሐረግ ደጋግሞ ለሕዝብ አሰማ። ሐረጉም ከሙያ ቃልነት ወጥቶ የአንድ በሽታ መጠሪያ ለመሆን ምንም ያህል አልቀረውም።

ወታደራዊው ምሳሌ ሌላም ጉድለት አለው፤ ተከላካዩ በገዛ ቤቱ ላይ ሊነሣ እንደሚችል አይናገርም። መልቲፕል ስክለሮሲስ ግን ይኸው ነው፤ የሰውነት ተከላካይ ኃይል የነርቭ ጭረቶችን የሚሸፍነውን ስብ ነክ ልባስ፣ ማለትም ማይሊንን፣ ያጠቃል። ነገሩ ለአዲስ አበባ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። በእብድ ውሻ ለተነከሱ ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር። እንዲህ ያለው ክትባት በዓለም ዙሪያ አልፎ አልፎ ሽባነትን ያስከትል ነበር፤ በባዕዱ አንጎል ላይ የተቀሰቀሰው መከላከል የተከታቢውንም አንጎል ስለሚነካ ነው። ቶማስ ሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1933 ኒውዮርክ ውስጥ ይህንኑ በዝንጀሮች ላይ ሠርቶ አሳየ። ናታሊዙማብ ለተባለው መድኃኒት መሠረት የሆነው ሙከራም እ.ኤ.አ. በ1992 በዚሁ ሰው ሠራሽ በሽታ በተያዙ አይጦች ላይ የተደረገ ነው።

ናታሊዙማብ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ወጥተው ወደ አንጎል እንዳይገቡ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በየካቲት 2005 ታገደ። ምክንያቱም በጥቂት ተጠቃሚዎች አንጎል ውስጥ የጄ.ሲ. ቫይረስ ተነሥቶ ማይሊን ሠሪዎቹን ሕዋሳት ማጥፋቱ ነበር። ይህ ቫይረስ በብዙ ጤነኞች ሰውነት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ተደብቆ የሚኖር ነው፤ ጠባቂው ሲርቅ ግን ይነሣል። በኤድስ ሕመምተኞችም ላይ የታየው ጥፋት ይኸው ነው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ።

ከዚህ ላይ የሁለቱ ግሶች ልዩነት ይገለጻል። «ማዳከም» በኤች.አይ.ቪ ለሚደርሰው ይስማማል፤ ማንም ሳይፈልገው የሚመጣ ጉዳት ነውና። ሐኪም አስቦ ለሚያደርገው ግን «መግታት» የተሻለ ነው እንላለን። ፈረስ በልጓም ሲገታ ጉልበቱ አልጠፋም፤ ልጓሙን የያዘ ሰው አለ፤ ሊያላላውም ይችላል። «ማፈን» የሚለውን ያቀረቡ አሉ፤ ለእኛ ግን ሞት ሞት ይሸታል። ምሳሌው እስከ አደጋው ድረስ ይሄዳል፦ የጄ.ሲ. ቫይረስ ሲገኝ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ልጓሙ ሲለቀቅም ተመላሹ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ገንፍሎ አንጎሉን በብግነት ይጎዳል። የጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በሚጀምሩ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል።

ስለዚህ «መከላከል ገቺ መድኃኒት» የሚለውን ስያሜ ለውይይት እናቀርባለን። «ቫይረስ» ሥር የሰደደ ውሰት ስለሆነ አንነካውም። «ጄ.ሲ.» የሚለውም አይተረጎምም፤ ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንጎሉ የተገኘበት ሕመምተኛ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸውና።