ፕራይም ወይስ ዙም? ለዕለት ተዕለት ፎቶግራፍ የሚኾን ሌንስ አመራረጥ

የደምበጫን ገበያ፣ በማሳ ላይ የቆመ በቆሎንና በምሽት ቤት ውስጥ የሚፈላን ቡና በአንድ ሌንስ በእኩል ጥራት ማንሳት ያስቸግራል። ገንዘቡ ለአንድ ሌንስ ብቻ የሚበቃ ሰው ምርጫውን ከሚያነሳው ነገር መጀመር አለበት።

ፕራይም ሌንስ የትኩረት ርቀቱ አይለወጥም፤ ለማቅረብም ኾነ ለማራቅ ፎቶ አንሺው ራሱ ይራመዳል። ዙም ሌንስ ግን ቀለበቱን በማዞር ብቻ ያቀርባል፣ ያርቃል። ከብዙ የጀማሪ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የኾነው ዙም ነው።

ትልቁ ልዩነት በብርሃን ላይ ይታያል። የተለመደው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ፕራይም ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል፤ ያ ዙም በ55 ሚሊ ሜትር ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። በመኾኑም ፕራይሙ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለደብዛዛ ቤትና ለሰው ፊት ተመራጭ የሚኾነውም ለዚህ ነው።

ተምች የበላውን የበቆሎ ቅጠል ለባለሙያ ለማሳየት ግን ዙሙ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ከ35 ሳንቲ ሜትር በታች ሲቀርቡ አያጠሩም፤ ዙሙ ግን እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀርባል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓልም ወደሚጋልብ ፈረስ መራመድ አይቻልምና ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ያስፈልጋል። በአቧራማ ስፍራ ሌንስ አለመቀየርም ካሜራውን ይጠብቃል።

ከመግዛትዎ በፊት ዙምዎን በ50 ላይ አቁመው ለአንድ ሳምንት ያንሱበት። ቀለበቱን ማዞር ካልናፈቀዎት ፕራይሙ ይበቃዎታል።