ከጋፋት የወጡት ሁለቱ «ማየር»ዎች፦ ስም፣ ሙያ እና የረሳናቸው እጆች

ስለ ጋፋት ሲነሳ ሁላችንም ወደ ሴባስቶፖል እንሮጣለን። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር አጠገብ እንዴት እንደተቀለጠ፣ በተራራና በገደል እንዴት ወደ መቅደላ እንደተጎተተ ያልሰማ የለም። ዛሬ መድፉን ትተን መድፉን የሠሩት ሰዎች ስም ላይ እናተኩር። ስም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ማን እንደሚታወስና ማን እንደሚረሳ የሚወስነው አንዳንዴ እሱ ነው።

ወደ አፄ ቴዎድሮስ የመጡት የእጅ ባለሙያዎች አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አቅራቢያ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የወጡ ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ፣ ሌሎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደረሱ። የላኳቸው በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ናቸው። ሐሳቡ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከቱ ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። መንገድ ሥሩ፣ ከዚያም መድፍ ሥሩ አሏቸው። መድፍ መሥራት አንችልም ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም።

ስማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው፤ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር። ለጆሯችን ባዕድ ናቸው፤ በቋንቋቸው ግን ብዙዎቹ ግልጽ ትርጉም አላቸው። ቤንደር በርሜል ሠሪ ነው። ዛልሙለር ውስጥ ያለው «ሙለር» ባለ ወፍጮ ማለት ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ ማየር እና ዋልድማየር።

«ማየር» የመጣው ከላቲኑ «ማዮር» ነው፤ ትልቁ፣ የበላዩ ማለት ነው። ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ሜጀር ጄኔራል» ስንል የምንጠራው እሱኑ ነው። እንግሊዞች ከንቲባን የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በመካከለኛው ዘመን የጀርመን አገር ማየር ማለት የባለ ርስቱን መሬት የሚያስተዳድር፣ ከገበሬው ግብር የሚሰበስብ፣ ጌታው በሌለበት ጌታውን ሆኖ የሚያዝ ሰው ነበር። በእኛ አገር ቢሆን ምስለኔ ወይም ጭቃ ሹም እንለው ነበር። ኋላ ላይ ትርጉሙ ሰፍቶ ትልቅ እርሻ የያዘ ገበሬም ማየር ይባል ጀመር።

«ዋልድ» ደግሞ ጫካ ነው። ስለዚህ ዋልድማየር የጫካው ማየር ወይም ከጫካው አጠገብ ያለው ማየር ማለት ነው። በአንድ ቀበሌ ብዙ ማየሮች ሲኖሩ እንዲህ በቦታ ይለያሉ፤ የላይኛው ማየር፣ የታችኛው ማየር፣ የጫካው ማየር። እኛም ስመ ሞክሼ ሲበዛብን «የቆላው» «የደጋው» እንደምንለው ነው።

ስሙ ዛሬ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ከበዙት ስሞች አንዱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ርስት ባለበት ሁሉ ማየር ነበር። አጻጻፉ ከአገር አገር ስለሚለያይ በመዝገብ ላይ አራትና አምስት ስም ይመስላል፤ ሁሉም ሲደመር ግን ከፊት ከሚሰለፉት ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሌላ ማየር የሚባሉ ብዙ አይሁድ አሉ። የእነሱ ስም በአብዛኛው ከዕብራይስጡ «መኢር» የመጣ ነው፤ የሚያበራ፣ ብርሃን ሰጪ ማለት ነው። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1787፣ ፕሩሲያ ደግሞ በ1812 እ.ኤ.አ. አይሁድ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ ሲያስገድዱ፣ ብዙዎች ለአባቶቻቸው ስም የሚቀርበውን የጀርመን ስም ያዙ። ድምፁ አንድ ሆነ፤ ሥሩ ግን ሁለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በጀርመን አገር በብዛት ከሚገኙት ስሞች ግንባር ቀደሞቹ ሙለር እና ሽሚት ናቸው። አንዱ ባለ ወፍጮ፣ ሌላው ቀጥቃጭ። አዎ፣ ብረት ቀጥቃጭ! የአያት ቅድመ አያቱ ሙያ የልጅ ልጅ መጠሪያ ሆኖ በኩራት ይኖራል። በእኛ አገር ግን ያው ሙያ ስድብ ሆነ። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ተባለ፤ ቡዳ ነው ተብሎ ተፈራ፤ ልጁን የሚያገባው ታጣ። ማረሻውን የሠራለትን ሰው እየናቀ በማረሻው አርሶ የበላ ኅብረተሰብ ነን። አፄ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ አካባቢ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ነገሩ አገር እየጎዳ መሆኑን አይተው ነው።

የዚህ ንቀት ዋጋ ጋፋት ላይ ይታያል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓውያኑ ጋር ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አብረው እንዲሠሩና ሙያውን እንዲማሩ አድርገው ነበር። ወናፉን የነፋው፣ ከሰሉን የተሸከመው፣ ሸክላውን ያቦካው፣ የቀለጠውን ነሐስ ያፈሰሰው የማን እጅ ነው? የስድስቱን አውሮፓውያን ስም ከላይ ዘርዝሬያለሁ። ከኢትዮጵያውያኑ መካከል የስንቱን ስም መጥራት እንችላለን? ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በአስፉሪየህ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል። ስሙ በሦስት አገር ታሪክ ተጽፏል። አብሮት የሠራው የደብረ ታቦር ልጅ ስም ግን በመንደሩም አይነሳም።

ነገሩ ሴቶቹ ላይ ሲደርስ ይብሳል። ዋልድማየር ያገባት ሱዛን የቴዎድሮስ ታማኝ የነበረው የጆን ቤል ልጅ ናት፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ወለተ ኢየሱስ ደግሞ ጋፋት የነበረውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። የእነሱ ልጅ ማግዳሌና ባሮን ኡስቲኖቭን አግብታ ከዚያ ቤት ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ መጣ። ዛንደር፣ ሆል፣ ኡስቲኖቭ፤ ስሙ በየትውልዱ በአባት በኩል ተለዋወጠ። የኢትዮጵያ ደም መኖሩን ከስሙ ላይ ማንም ሊያነብ አይችልም። የቤተሰብ ስም ያስታውሳል፤ ግን የሚያስታውሰው ግማሹን ነው።

«እና የቤተሰብ ስም እንያዝ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ቀጠለ። እኔም ይህን ልማድ እወደዋለሁ። የእኛ ስም ምኞትና ምስጋና ነው፤ አባት ለልጁ የሚሰጠው ቃል ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በቅጽ ላይ የአያታቸውን ስም «የቤተሰብ ስም» ብለው ሲሞሉ የሚሰማቸው ግራ መጋባትም ከዚህ የመጣ ነው።

ግን የእኛ ሥርዓት አንድ ክፍተት አለው። ሦስተኛው ስም ላይ ይቆማል። ከዚያ ያለፈውን የሚይዘው የአዛውንት አፍ ብቻ ነው። አዛውንቱ ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል። ርስት ያለው ሰው ለርስቱ ሲል ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሙያው የሚያሳፍረው ሰው ግን ከመቁጠር መደበቅን ይመርጣል። ስለዚህ የባለ ርስት የዘር ሐረግ ተረፈ፤ የቀጥቃጩ ጠፋ።

በደብረ ታቦር፣ በፋርጣና በአካባቢው ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ሥራው የእናንተ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ቅድመ አያቱ ብረት ያቀልጥ ነበር፣ ወናፍ ይነፋ ነበር የሚባል ሰው ካለ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ። ስሙንም ሙያውንም ጻፉት። በዩኒቨርሲቲው የምታስተምሩ ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ይህን እንዲሰበስቡ ላኳቸው። ጀርመን ቀጥቃጩን «ሽሚት» ብሎ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። እኛ ሴባስቶፖልን ሐውልት ሠርተን አዲስ አበባ መሐል አቁመናል፤ ያቀለጡትን የራሳችንን ልጆች ግን ገና በስም አልጠራናቸውም።