ከካንት ፊት የተቀመጡ ተማሪዎች

በ1755 (እ.ኤ.አ.) መኸር፣ በምሥራቅ ፕሩሲያዋ ከተማ በኮኒግስበርግ፣ ፕሮፌሰር ኪፕከ ቤት ውስጥ የነበረ ሰፊ አዳራሽ በተማሪ ተጨናነቀ። ወንበር ያጣው መተላለፊያው ላይ ቆመ፤ መተላለፊያው ሲሞላ ቀሪው ደረጃው ላይ ተደረደረ። ሊያስተምር የቆመው የ31 ዓመቱ ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብሎ አልጠበቀም ነበርና ደነገጠ። ድምፁ ከወትሮውም ዝቅ አለ፤ የተናገረውን እየተመለሰ ያርም ጀመር። ከታዳሚዎቹ አንዱ የነበረውና ኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሉድቪግ ቦሮቭስኪ እንደመሰከረው፣ ይህ መርበትበት ተማሪውን አላራቀበትም። እንዲያውም ብዙ የሚያውቅ ግን የማይመካ ሰው ነው የሚል አክብሮት አተረፈለት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ካንት ተረጋግቶ ገባ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1796 ድረስ በዚያችው ከተማ፣ በአልበርቲና ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የመጻሕፍቱን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የመምህርነቱ ታሪክ ግን ተማሪዎቹ በተዉት ደብዳቤ፣ ትዝታና የክፍል ማስታወሻ ውስጥ ተበታትኖ የቀረ ነው፤ ሲሰበሰብም ስለ አንድ ሰው የተነገረ አይመስልም። አንዱ በግብረ ገብ ትምህርቱ ላይ እንባ እንደተናነቀው ይናገራል። ሌላው እንቅልፍ የሚያመጣ ሌክቸር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁ አይሰማም ብሎ ያማርራል። ሁሉም የሚናገሩት ያዩትን ነው። የሚለያዩት በየትኛው ዘመኑ አገኙት፣ ምን ሊሰሙ መጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእርሱ ጋር ለማሰብ ምን ያህል ሊደክሙ ፈቀዱ በሚለው ነው።

መጀመሪያ የኑሮውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዘመኑ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ፣ ፕሪቫትዶዘንት የሚባለው ጀማሪ መምህር ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አያገኝም ነበር። የሚኖረው ሌክቸሩን ለመስማት የተመዘገቡ ተማሪዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ተማሪ ከራቀው ጦሙን ያድራል። ካንት በዚህ አኳኋን 15 ዓመት ቆየ። ሎጂክ፣ ሜታፊዚክስ፣ ግብረ ገብ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊ፣ የምሽግ አሠራር ሳይቀር እያስተማረ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አትሮኖሱ ፊት የሚቆምበት ጊዜ ነበር። ኮቱ ከማለቁ የተነሣ ወዳጆቹ አዲስ ሊገዙለት ጠየቁት፤ አልፈቀደም። በ1759 ለወዳጁ ለሊንድነር በጻፈው ደብዳቤ ራሱን በየቀኑ መስፍ ፊት ተቀምጦ ከባዱን መዶሻ በአንድ ዓይነት ምት ከሚያነሣና ከሚጥል ብረት ቀጥቃጭ ጋር አመሳስሎታል። በ1766 በቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት የረዳትነት ሥራ ሲያገኝ የዓመት ደመወዙ 62 ታለር ነበር። የሎጂክና የሜታፊዚክስ ፕሮፌሰርነቱን ያገኘው በ1770፣ 46 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

እንዲህ ያለ ኑሮ አንድን መምህር ተማሪ አባባይ ሊያደርገው ይችል ነበር። ካንትን አላደረገውም። ሊያዝናና ግን ይችል ነበር፤ በተለይ የተፈጥሮ ጂኦግራፊ ትምህርቱ ከተማሪ አልፎ የከተማውን ሰው ይስብ ነበር። ከ1758 እስከ 1762 ሩሲያ ከተማዋን በያዘችበት ጊዜ የሩሲያ መኮንኖች ሳይቀሩ ሌክቸሮቹን ይከታተሉ ነበር። ካንት ከምሥራቅ ፕሩሲያ ወጥቶ አያውቅም። ሆኖም አንድ ቀን የለንደን ተወላጅ ባለበት የዌስትሚንስተርን ድልድይ ቅርጽና ልክ እየዘረዘረ ሲያስረዳ፣ ሰውዬው ለንደን ስንት ዓመት ኖረሃል፣ ሙያህስ አርክቴክት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ይህን ያቆየልን ተማሪው ራይንሆልድ ያኽማን ነው።

ወጣቱን ካንት ከማንም አስበልጦ የወደደው ተማሪ ዮሐን ጎትፍሪድ ኸርደር ነው። በ1762 በ17 ዓመቱ ሕክምና ሊማር ኮኒግስበርግ ገባ፤ አስከሬን ሲቀደድ አይቶ ራሱን ስለሳተ ወደ ሥነ መለኮት ተዛወረ። ካንት ከዚህ ድሀ ልጅ ክፍያ አልተቀበለም፤ ሌክቸሮቹን ሁሉ በነፃ እንዲሰማ ፈቀደለት። ኸርደር አንድ ጊዜ የሰማውን ትምህርት በግጥም ጽፎ ቢሰጠው፣ ካንት ወድዶት ለክፍሉ አነበበው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኸርደር ያን ጊዜ ሲያስታውስ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፊቱ የማይጠቁር፣ ከሩሶ መጽሐፍ እስከ አዲስ የተፈጥሮ ግኝት ሁሉንም እኩል የሚመዝን፣ ተማሪውን በራስህ አስብ እያለ የሚገፋፋና ሐሳቡን በማንም ላይ የማይጭን መምህር አድርጎ ሥሎታል።

በራስህ አስብ የሚለው ምክር ከአፍ ያለፈ ነበር። ካንት ለ1765 እና 66 የትምህርት ዘመን ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ተማሪው የሚማረው ፍልስፍናን ሳይሆን መፈላሰፍን እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያኽማን እንደሚነግረን፣ ካንት አንድን ጽንሰ ሐሳብ ሲያስረዳ ስለ ነገሩ ገና ዛሬ ማሰብ የጀመረ ይመስል ነበር። አንድ ፍቺ ያቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶ ጉድለቱን አሳይቶ ያሻሽለዋል፤ እንደገና ይጨምርበታል፤ የመጨረሻው የጠራው ሐሳብ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከተለው ተማሪ አንድ ሐሳብ ሲወለድ አየ። ዘግይቶ የገባው፣ ወይም የመጀመሪያውን ፍቺ ጽፎ ብዕሩን ያስቀመጠው፣ ካንት ራሱ የጣለውን ነገር ይዞ ወጣ። ካንትም ይህን ስለሚያውቅ ጀማሪዎች የእርሱን ሜታፊዚክስ ከመስማታቸው በፊት ሌላ መምህር ዘንድ እንዲዘጋጁ ይመክር ነበር።

ሐሳቡ እንዴት በቀላሉ ይቆረጥ እንደነበር የሚያሳይ ታሪክም አለ። ካንት ሲያስተምር ዓይኑን ቅርብ በተቀመጠ አንድ ተማሪ ላይ ይተክልና ገብቶት እንደሆነ ከፊቱ ያነብባል። አንድ ቀን ያ ተማሪ ኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። የካንት ዓይን ሳይወድ በግዱ ወደዚያች ባዶ ቦታ እየተመለሰ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ንግግሩ ሲበታተን ዋለ። በጊዜው ፋሽን የነበረው የተበተነ ረጅም ፀጉርና የተከፈተ ደረትም እንዲሁ ያውከው ነበር። ይህን ሁሉ የጻፈው ያኽማን ራሱ በካንት የግብረ ገብ ትምህርት ተማሪዎች እስከ ማልቀስ ይደርሱ እንደነበር የመሰከረ አድናቂ ነው፤ ምስክርነቱ ይበልጥ የሚታመነውም የካንትን ድካምም ስላልሸሸገ ነው።

የካንት ስም እየገነነ ሲሄድ የክፍል ማስታወሻው ራሱ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ። ገልባጮች በክፍያ ይጽፉታል፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። በ1778 የፕሩሲያው ሚኒስትር ፎን ዜድሊትስ በርሊን ተቀምጦ የካንትን ጂኦግራፊ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ያጠና ነበር፤ የደረሰው ግልባጭ ስሕተት ስለበዛበት የተሻለ እንዲላክለት ካንትን ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሌላው የቀድሞ ተማሪው፣ አይሁዳዊው ሐኪም ማርኩስ ኸርትስ፣ በርሊን ላይ የካንትን ፍልስፍና ለሕዝብ ለማስተማር ማስታወሻ ቢለምነው፣ ካንት የመለሰለት መልስ ስለ ክፍሉ ብዙ ይናገራል፦ ብዙ የሚጽፉት ተማሪዎች ዋናውን ከተራው መለየት አይችሉም፤ በደንብ የሚያስቡት ደግሞ እምብዛም አይጽፉም።

ከ1781 በኋላ፣ ትልቁ መጽሐፉ “የንጹሕ አእምሮ ሂስ” ታትሞ ካንት የአውሮፓ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ወጣቶች ከሩቅ አገር ይመጡ ጀመር። ያገኙት ግን በ1755 የደነገጠውን ወጣት ወይም የኸርደርን ተጫዋች መምህር አልነበረም። በ1791 ወጣቱ ፈላስፋ ፊሽተ በካንት ስም ተማርኮ መጣ፤ አንድ ሌክቸር ሰምቶ አንቀላፊ ሆኖ አገኘው። ይህን ያለው ወጣት በዚያው ሰሞን በካንት መርሆዎች ላይ ተመሥርቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ ካንትም አሳታሚ አገኘለት። በ1792 መጽሐፉ ያለ ደራሲ ስም ሲወጣ አንባቢው የካንት ሥራ መሰለው። ፊሽተ ከካንት መጻሕፍት ያገኘውን ከክፍሉ አላገኘም ማለት ነው።

በ1795 የመጣው ኦስትሪያዊ ቆንት ፑርግሽታል የተወልን ሥዕል ደግሞ ከሁሉም የሚነካው ነው። ድምፁ ደካማ፣ አነጋገሩ ለእንግዳ ጆሮ የሚከብድ ነው፤ ሲለምዱት ግን ሐሳቡ ግልጽ ይሆናል። የሎጂክ ትምህርቱን የሚያስተምረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ማየር ከጻፈው አሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ሁልጊዜ ይዞት ይገባል፤ ቆሽሿል፣ አርጅቷል፤ ኅዳጉ ሁሉ በካንት ጥቃቅን ጽሕፈት ተሞልቷል፤ ብዙ ገጾች ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ብዙ መስመሮች ተሰርዘዋል። ከማየር የቀረ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ተማሪዎቹም መጽሐፉን አያመጡም፤ የሚናገረውን ብቻ ይጽፋሉ። መንግሥት መምህራን ሁሉ ከታወቀ መማሪያ መጽሐፍ እንዲያስተምሩ ያዝዝ ነበርና ካንት ትእዛዙን በዚህ መንገድ ፈጸመ። አንድ መምህር ለ40 ዓመት ራሱን ሲያርም እንደኖረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንድ ያላረመው ነገር ግን አለ፤ እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚወደው የጂኦግራፊ ትምህርት የሰውን ልጅ በቀለም ደረጃ ይሰጠው ነበር፦ ነጩን ከላይ፣ አፍሪካዊውንና የአሜሪካን ነባር ሕዝብ ከታች። ምንጩ የተጓዦች መጽሐፍ ነው፤ በ1764 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ አፍሪካውያን የሚያዋርድ ነገር ጽፏል። ተማሪ ይህንንም እንደ ዕውቀት ጽፎ ወደ ቤቱ ወሰደ። በ1795 የአውሮፓን የቅኝ ግዛት ግፍ ማውገዙ እውነት ነው፤ በ1802 በስሙ የታተመው ጂኦግራፊ ግን የደረጃውን ነገር እንደያዘ ወጣ። ናይጄሪያዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ቹኩዲ ኤዜ በ1990ዎቹ ይህን አጥብቆ እስኪያነሣ ድረስ ብዙ የፍልስፍና ክፍሎች በዝምታ አልፈውታል።

በዘመኑ ግን አንድ ተማሪ አላለፈውም፤ ያው በነፃ ያስተማረው ኸርደር ነው። ከ1784 ጀምሮ ባሳተመው የሰው ልጅ ታሪክ መጽሐፉ ሰውን በአራትና አምስት ዘር መከፋፈል አያስፈልግም፣ የሰው ልጅ አንድ ነው አለ። ካንት በ1785 መጽሐፉን ክፉኛ ነቀፈ፤ ኸርደር በጣም ተጎዳ፤ በ1799 ደግሞ የካንትን ፍልስፍና የሚያጠቃ መጽሐፍ አወጣ። ልብ በሉ፤ የወጣትነት መምህሩን ያን ያህል ያመሰገነው ከዚያ ነቀፋ አሥር ዓመት በኋላ ነው። በእኔ ፍርድ ከካንት ተማሪዎች ሁሉ በራስህ አስብ የሚለውን ትምህርት ከልቡ የሰማው እርሱ ነው።

ከተማዋ ዛሬ ካሊኒንግራድ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋ ከ2005 ጀምሮ በካንት ስም ይጠራል። ከተማሪዎቹ ማስታወሻ ብዙው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቷል፤ የተረፈው ግን ከሥራዎቹ ጋር ታትሟል። በየዩኒቨርሲቲያችን ካንትን የምታስተምሩ መምህራን ትልቁን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን እነዚህንም ለተማሪዎቻችሁ አቅርቡላቸው፤ የጂኦግራፊውን ክፉ ገጾችና የኸርደርን መልስ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ተማሪዎቹም ሁለቱን እንዲሟገቱባቸው ጊዜ ስጧቸው።